ኪሮስ፣ ሥጋ ቤቱና አጣቢዋ

ኪሮስ መሞቱን በስልክ የነገረኝ ሰው ኪሮስን የወጋው ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት ነበር፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን የኬሚስትሪ ፈተና እየፈተንኩ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ወደ ኮሪደር ወጥቼ አነሳሁት። ዳዊት ነው። «ቲቸር፣ ኪሮስ ዐረፈ» አለኝና ዘጋው። ተመልሼ ገብቼ ወረቀት መሰብሰብ ጀመርኩ። አንዷ ተማሪ ደወሉ ገና መሆኑን ብትነግረኝ ጮህኩባት። እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኳትም።

ስሞቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ። ይህን የሚያነብ የሕግ ሰው ካለ፣ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ውስጥ ሥጋ ቤት እንደ አሸን ፈልቷል፤ ሲፈልግ ይዋል። የምጽፈው ማንንም ልከስ አይደለም። ኪሮስን የሚያህል ሰው «ቢላዋ ላይ ወድቆ ሞተ» ተብሎ ብቻ መቅረቱ ስላንገበገበኝ ነው። ቃል ማፍረስ ከሆነም ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

ወደ መቀሌ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ነው። ሦስት ቀን ቤት ፍለጋ ስዞር ከርሜ አደይ ምሕረት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። «አደይ» በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይላቸዋል፣ እኔም ሳምንት ሳይሞላኝ እንዲያ አልኳቸው። ግቢው በመንገዱ በኩል ሥጋ ቤት አለው። ባላቸው ሲሞቱ ሥራው ለአንድ ልጃቸው ለኪሮስ ተላለፈ። ኪሮስ ያኔ ሠላሳ ዓመት ገደማው ነበር፤ ትከሻው በር የሚዘጋ፣ ድምፁ ግን ቀጭን፣ በስልክ ሲያወራ ሴት የሚመስል። ለበዓል ግቢው ውስጥ ቅርጫ ሲጣል በሬውን የሚያርደው እሱ ነው። «በስመ አብ» ይልና አንድ ጊዜ ብቻ ይስባል፤ ደሙ ክርኑ ድረስ እየተንፎለፎለበት ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚለቀቅ ይጠይቀኛል። ለእሱ ሥራ ነው።

ታላቁ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤት ሃምሳ አምስት ቀን ይዘጋል። ሌላው ሥጋ ሻጭ ያኔ ዘመድ ይጠይቃል፣ የቆየ ሕመሙን ይታከማል። ኪሮስ ግን ቅበላው ባለፈ ማግስት ግድግዳውን በፈላ ውሃ ያጥብና ቢላዎቹን ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል፤ ቁልፉን ለእናቱ ሰጥቶ ሥጋ ይሰቀልበት ከነበረው ብረት ላይ ቴሌቪዥን ያስራል፤ መስኮቱን በጆንያ ይሸፍናል። ይህን ያላወቅሁት እኔ፣ በመጣሁበት ዓመት በጾሙ የመጀመሪያ ሰኞ ከቀትር በኋላ ልብስ እያሰጣሁ ጩኸት ሰማሁ። ሰው ታረደ ብዬ መጥረጊያዬን ይዤ ሮጥኩ። በሩን ስበረግደው ጨለማው ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። የጮኸው ኪሮስ ነው፤ ቀኝ ጆሮውን በእጁ ጨብጧል። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ግዙፍ ሴት የአንድ ሰው አንገት እንደ እርጥብ ነጠላ ትጨምቃለች።

በጾም ደም ታፈሳላችሁ ወይ ብዬ ጮህኩ። ኪሮስ ጆሮውን ሳይለቅ «ቲቸር፣ ይሄ የመብራት ደም ነው፤ ጾም አያስገድፍም። በጃኺ፣ እባክሽ፣ ግቢና በሩን ዝጊው» አለኝ። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ገባሁ።

ከባሕር ማዶ የመጣ ተከታታይ የሚያስፈራ ጌም ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ስም ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራውም፤ እኛ «አጣቢዋ» እንለዋለን። ያኔ አራት ክፍል ነበረው። ውሃ ያጥለቀለቀው አሮጌ ሆስፒታል አለ፤ ተጫዋቹ መውጫ ይፈልጋል፣ አጣቢዋ ደግሞ እሱን ትፈልጋለች። የያዘችውን ሰው ትጨምቃለች፣ ድንጋይ ላይ እየወቀጠች አጥንቱን ታደቅቃለች፣ ከዚያ ፊቱን በቀስታ ታጥባለች። የሚሰጡህ ጥይቶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም አይገድሏትም። ውሃ በሁለት ሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ተቀምጠን ያን ሁሉ ጎርፍ ስናይ፣ ከመካከላችን ያለው ባጃጅ ነጂ «ሴትዮዋ ዓይናለም ጉድጓድ ላይ ዘመድ አላት» ይላል፤ የከተማው ውሃ የሚመጣው ከዚያ ነው። በየዓመቱ ይላል፤ በየዓመቱ እንስቃለን።

የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ የገባሁት ሴትዮ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ የምመጣ ሆንኩ። ሥርዓት ነበረው። የሞተ ሰው ጆይስቲኩን ለቀጣዩ ያስረክባል። በጮኸ ሰው ላይ የሳቀ ይወጣል። አጣቢዋ ስትቀርብ ማንም አይናገርም፣ አያስልም፤ ያን ጸጥታ የቅዳሴ ሰዓት እንኳ አይቼው አላውቅም። ባጃጅ ነጂው የእሷን የልብስ መዘፍዘፊያ ባጃጁ ጀርባ ላይ አስሎ ሮማናት አደባባይን ይዞራል። አምስተኛው ክፍል ሊወጣ ነው የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር ሰው ሥራ ይፈታል። ኪሮስ ደግሞ በመሃል ጌሙን ያቆምና በሙያው ያስተምረናል፦ እዚህ ጋ ዋሽተዋል፣ ደም እንዲህ ቀይ ሆኖ አይቆይም፣ ሳይቆይ ይጠቁራል፤ የአጥንቱ ድምፅ ግን ልክ ነው፣ ሥጋ ሻጭ አማክረዋል።

በሬ እያረደ የማይደነግጥ ሰው ቴሌቪዥን ፊት ለምን እንደሚጮህ አንድ ቀን ጠየቅሁት። «በሬው ፊት ብቻዬን ስለሆንኩ መፍራት አይፈቀድልኝም» አለኝ። «እዚህ እናንተ አላችሁ። ፍርሃት ለብቻ ከበሉት መርዝ ነው፤ ተካፍለው ከበሉት ይፈጫል።»

ዳዊት ያኔ የምህንድስና ተማሪ ነበር፤ ከሁላችንም ሊቁ። የሆስፒታሉን ካርታ ሥጋ በሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ፎቅ በፎቅ ስሎ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። የእሱ አስተያየት አጣቢዋ ነፍሰ ገዳይ አይደለችም የሚል ነው። ልጇ ጠፍቶባታል፤ የያዘችውን ሁሉ ፊቱን የምታጥበው ልጇ እንደሆነ ለማየት ነው ይላል። ኪሮስ ትገድላለች፣ በቃ ትገድላለች ይላል። በዚህ ተጣልተው አንድ ሳምንት ሳይነጋገሩ ከርመው ያውቃሉ፤ ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እኔ መሄጃ ሳልፈልግ ቀረሁ። አንድ ቀን አንድ ሰካራም የክፍሌ በር ላይ ድንጋይ እየወረወረ ያቺን እንግዳ አውጧት ብሎ ማጓራት ጀመረ። ኪሮስ ወጥቶ በጥፊ አንድ ጊዜ መታው፤ ሰውየው ከወደቀበት ደምና ሁለት ጥርስ ተፋ። ኪሮስ አንስቶ አፉን አጥቦ ቤቱ ድረስ ደግፎ አደረሰው። ሲመለስ ለምን እንዲህ ጨከንክ ስለው፣ ጩኸት ሰው ይሰበስባል፣ የተሰበሰበ ሰው ደግሞ ድንጋይ ያነሳል አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን መዳፍ ባየሁ ቁጥር ሁለቱን ጥርስ አስታውሳለሁ።

መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ከብት ጠፋ። ሥጋ ቤቱ ሳይታዘዝ ጾመ። ኪሮስ ቀን ቀን ደጁ ላይ ተቀምጦ አጣቢዋን በቃሉ ማጫወት ጀመረ። እያንዳንዱን ክፍል፣ እያንዳንዱን በር፣ የቀረውን ጥይት በጭንቅላቱ ይዞታል። «ኮሪደሩ ላይ ሦስት በር አለ። የግራው ተቆልፏል። ከውስጥ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ ተራ የደረሰው ይመርጣል፣ ከተሳሳተ ይሞታል። የተራበ ሰው ደጅ ላይ ተኮልኩሎ ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጣል። አንድ ሐሙስ ልብስ ሰፊያችን፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ፣ ከሰማይ በወረደ ነገር ሞተ። አካሉን ከየቦታው በጆንያ የሰበሰበው ኪሮስ ነው። በማግስቱ ጨዋታው ቀጠለ፤ የልብስ ሰፊው ተራ ሲደርስ ኪሮስ ዝም ብሎ ጠበቀ፣ እኛም ጠበቅን፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው አለፈ። ለሰው እንዲህ ሲታዘንለት አይቼ አላውቅም።

ዳዊት በሁለተኛው ዓመት ዘመተ። ጦርነቱ ሲያበቃ ተመለሰ፣ ማለቴ አካሉ ተመለሰ። ግራ ትከሻው ውስጥ ብረት ቀርቶበታል። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። ሳህን ወድቆ ከጮኸ እሱ መሬት ላይ ይነጠፋል። እናቱ ሲቀሰቅሱት አንቋቸው ጎረቤት ነው ያስለቀቀው። አንድ ቀን ላጫውተው ብዬ፣ አጣቢዋ ልጇን ነው የምትፈልገው የሚለውን ሐሳቡን አነሳሁበት።  «ማንንም አትፈልግም» አለ። «ዝም ብላ ነው የምትገድለው።» ኪሮስ አጠገቤ ነበር። የዓመታት ክርክሩን መርታቱ ነው፤ ፊቱ ግን ልጅ እንደሞተበት ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ኪሮስ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ዳዊትን ማትረፍ አለብኝ አለ። መብራት ተመልሷል፤ የሚመጣው ጾም ላይ ቴሌቪዥኑን ሰቅዬ ከመጀመሪያው ክፍል አስጀምረዋለሁ አለ። እኔ ተቃወምኩ። ሞት ጠግቦ ለመጣ ሰው ሞት ታሳየዋለህ ወይ ብዬ በቁጣ ተናገርኩት። እሱ አልተቆጣም። «ቲቸር፣ ያኛውን ማቆም አልቻለም። ይሄኛውን በአውራ ጣቱ ያቆመዋል። አንድ ጊዜ ማቆም እንደሚችል ይወቅ።»

ልክ መስሎ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ዳዊት በሩ አጠገብ ቆሞ አየ። በሁለተኛው ተቀመጠ። በሦስተኛው ጆይስቲኩን ያዘ፤ አጣቢዋ ከጎርፉ ውስጥ ስትነሳ አቆማት፣ ፊቷን ትክ ብሎ አየው፣ እንደገና ለቀቃት። በአራተኛው ሳምንት ባጃጅ ነጂው ያንኑ የዓይናለም ቀልዱን ሲናገር ዳዊት ሳቀ። ኪሮስ እንባው እንዳይታይበት ወደ ውጭ ወጣ። እኔም እንደተሸነፍኩ ነገርኩት፤ ደስ አለው።

እንግዲህ ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው፤ የማንኛችንም ክፋት አልነበረበትም። በአምስተኛው ሳምንት ረቡዕ አምስተኛው ክፍል ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ደረሰ። ስንት ዓመት የጠበቅነው! ኪሮስ እንደ ልጅ ዘለለ። አላስተዋልንም እንጂ ዳዊት የዳነው በሚያውቀው ቤት ውስጥ ነበር። በአራቱ ክፍሎች የትኛው በር ምን እንደሚያወጣ በቃሉ ያውቃል፤ አምስተኛውን ግን ማናችንም አናውቀውም። በዚያው ቀን ከሰዓት ደግሞ ኪሮስ ቢላዎቹን ለፋሲካ አስሞርዶ አምጥቷቸው ነበር። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ የሳጥኑ ቁልፍ አልተገኘም። ሰው ስለቸኮለ በጆንያ እንደተጠቀለሉ መክተፊያው ግንድ ላይ አኖራቸውና ጀመርን።

አንድ ሰዓት ያህል ተጫወትን። ኪሮስ ራሱ ይዞታል፤ ዳዊት ከኋላው ቆሟል። የጌሙ ሰውዬ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገባ፤ አጣቢዋ የለችም፤ ጸጥ አልን። ከዚያ ከጣሪያው ወርዳ የሰውየውን መንጋጋ በሁለት እጇ ይዛ ቀደደችው። ሁላችንም ጮህን። በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ። ሥጋ ቤቱ ድቅድቅ ሆነ፤ አግዳሚ ተገለበጠ፣ ሰው በሰው ላይ ወደቀ፣ አንዱ «ያዘኝ» እያለ ይጮሃል። ኪሮስ በቀጭን ድምፁ «ዳዊት፣ ኣጆኻ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁት። ኣጆኻ ማለት አይዞህ ማለት ነው። ከዚያ እርጥብ ነገር ሲመታ የሚሰማ ድምፅ ሰማሁ፤ ሁለት ጊዜ።

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የከሰዓቱ ፀሐይ ገባ። ኪሮስ ነጩን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ሆዱን በሁለት እጁ ይዟል፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይፈላል፣ ወለሉ ላይ ወርዶ ሥጋ በሚታጠብበት ቦይ ይሄዳል። ዳዊት ጥግ ላይ ቢላዋ ይዞ ቆሟል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ እኛን ግን አያየንም። ማንም ሊጠጋው አልደፈረም።

ኪሮስ ነው የተናገረው። «ወደቅኩ» አለ። «ቢላዋ ላይ ወደቅኩ። ሁላችሁም አይታችኋል።» አንድ ሰው አፉን ሊከፍት ሲል አየውና «ወደቅኩ ብያለሁ» አለ። ከዚያ ዳዊትን በስሙ ጠርቶ ቢላዋውን መሬት ላይ እንዲያስቀምጠው በቀስታ ለመነው። ዳዊት አስቀመጠው። እጁን አየ፣ ኪሮስን አየ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ማጋጨት ጀመረ። አራት ሰው ነው የያዘው።

ፖሊስ አንድ በአንድ ጠየቀን። ያን ሁሉ ዓመት ዝም ማለት የለመድን ሰዎች ነን፤ መብራት ጠፋ፣ ወደቀ፣ አላየንም አልን። እኔ መምህር ነኝ፣ ተማሪ ሲዋሽ ከፊቱ የማውቅ። ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ።

ኪሮስ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቁስሉ አመረቀዘ። አደይ ምሕረት ከአልጋው ሥር አልተነሱም። ለአንድ አፍታ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ኪሮስ ክንዴን ያዘ። ያ በር የሚዘጋ ትከሻ አንሶላው ሥር ጠፍቶ ነበር። «ዳዊት ይናገራል። አላስችል ይለዋል» አለኝ። «ያዢልኝ። እስር ቤት ከገባ ያ ጦርነት መቼም አያልቅለትም።» እናትህስ አልኩት። «ለእናቴ ወደቅኩ ብያታለሁ። አደራ።» እሺ አልኩ። ተናድጄበትም ነበር፤ በዚያ አልጋ ላይ እንኳ ስለ ራሱ አንድ ቃል አለማለቱ አናደደኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሆሳዕና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ሞተ።

ለቅሶ ቤቱን ያገለገለው ዳዊት ነው። ድንኳን ተከለ፣ ውሃ ተሸከመ፣ ወንበር አመላለሰ። አደይ ምሕረት ፊት በደረሰ ቁጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ እንደ ጥላ ተከተልኩት። ሁለት ጊዜ ክንዱን ይዤ ከፊታቸው አስወጥቼዋለሁ። አንዴ አጥር ሥር ወስጄ፣ ብትናገር አሮጊቷን ሁለተኛ ጊዜ ትገድላታለህ አልኩት። ጨካኝ ነገር ነው፤ ሌላ የሚያቆመው ነገር አልነበረኝም።

ፋሲካ ደረሰ። የግቢው ቅርጫ ኪሮስ ደህና ሳለ የተጣለ ነው፤ በሬው ጥግ ላይ ታስሯል። ጠዋት ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። በእኛ ወግ ሴት አታርድም። ከወንዶቹ አንዱ ሽማግሌ ነው፣ ሌሎቹ ቢላዋ ለዶሮም አንስተው አያውቁም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አደይ ምሕረት በጥቁር ልብሳቸው ከቤት ወጡ። ቢላዋ ይዘዋል። በሁላችንም መሃል አልፈው ዳዊት የተቀመጠበት ግድግዳ ጋ ሄደው ቆሙ። «ተነስ ወደይ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ዳዊት በጉልበቱ ተንበረከከ። «አደይ» አለ፣ «ኪሮስን እኔ ነኝ...»  ላቋርጠው ወደ ፊት ስሄድ አደይ ምሕረት ወደኔ ሳይዞሩ እጃቸውን አነሱብኝ። ከዚያ በትግርኛ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ተናገሩት።

«ቁስሉን አሥራ ሁለት ቀን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት የሥጋ ሻጭ ሚስት ነበርኩ። የወደቀ ሰው የት እንደሚቆረጥ አውቃለሁ፤ የተወጋ ሰው የት እንደሚወጋም አውቃለሁ። ልጄ ግን ወደቅኩ አለኝ። ሊሞት ሲልም ወደቅኩ አለኝ። በዕድሜው ሙሉ ዋሽቶኝ አያውቅም። አሁን አፈር ለብሶ እያለ ውሸታም አላደርገውም። አንተም አታደርገው።»

ቢላዋውን በመያዣው በኩል ዘረጉለት። ዳዊት እጄ ይንቀጠቀጣል አለ። «ይንቀጠቀጥ፤ በሬውን እኔ እይዘዋለሁ» አሉት።

ወንዶቹ በሬውን ጣሉት። አደይ ምሕረት መሬት ላይ ተንበርክከው ሁለቱን ቀንድ ያዙ። ዳዊት በስመ አብ ለማለት ሦስት ጊዜ ጀመረ። እንደ ኪሮስ በአንድ ጊዜ አልሆነለትም፤ ደጋግሞ ሳበ። በሬው አጓራ፣ ተወራጨ፤ ደሙ የእናትየዋን ፊት፣ አንገት፣ የሐዘን ልብሳቸውን መታው። አልለቀቁም። ዳዊት ቢላዋውን ጥሎ ደሙ ውስጥ ተቀምጦ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ከጦርነቱ ወዲህ ሲያለቅስ ያየው ሰው አልነበረም።

በሬው ጸጥ ሲል አደይ ምሕረት ቀንዱን ለቀው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ተነስና ግፈፈው፣ ሰው ጾሙን ሊፈታ ይጠብቃል» አሉት። ዳዊት ተነስቶ መግፈፍ ጀመረ። እኔ ሳህን ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ።